«ዲናሞው ተቃጥሏል» የተባለውን የላቫጆ ማሽን ቤቴ ውስጥ እንዴት ጠገንኩት

ቤታችሁ ያለው፣ ውሃ በግፊት የሚረጨው የላቫጆ ማሽን ስትሰኩት «እምምም» ብሎ ብቻ ከቀረ፣ ወይም ዲናሞው እየዞረ ውሃው ጉልበት ካጣ፣ ወደ ጠጋኝ ከመውሰዳችሁ በፊት ይሄን አንብቡልኝ። ለመጻፍ የተነሳሁት ጎረቤቴ ማሽኑን ለቁራሌው ሲሸጥ ስላየሁ ነው። «አልቆለታል ተባልኩ» አለኝ። የነገረኝ ምልክት ግን የኔው ማሽን ያሳየው ምልክት ነበር። የኔው ደግሞ ዛሬም ይሰራል። በጣም ነው የቆጨኝ፤ ቀድሜ ብነግረው ኖሮ ያን ሁሉ ብር ባልጣለ ነበር።

የኛን ማሽን የላከልን ዱባይ የሚሰራው ወንድሜ ነው። ግቢያችን ንጣፍ ስለሆነ በክረምት አረንጓዴ ሆኖ ያንሸራትታል፣ መኪናም አለ፣ በዓል ሲመጣ ምንጣፉ ሁሉ ይወጣል። ማሽኑ ትልቅ እረፍት ሆኖልን ነበር። ታዲያ ክረምቱ ሲያልቅ፣ ለእንቁጣጣሽ ግቢውን ልናጥብ ስንል እምቢ አለ። ይጮሃል፣ አይነሳም። ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩን ይጥለዋል።

ሰፈር ውስጥ ወዳለ ጠጋኝ ወሰድነው። ልጁ ሶኬት ላይ ሰካው፣ ድምፁን ሰማ፣ ነቀለው። «እህቴ፣ ዲናሞው ተቃጥሏል፤ መጠቅለል አለበት» አለኝ። የጠራው ዋጋ ወደ አዲስ ማሽን ግማሽ የሚጠጋ ነበር። እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። የተቃጠለ ዲናሞ ይሸታል፤ የሽቦው ቫርኒሽ ሲቃጠል የሚያወጣው ሽታ ከአፍንጫ አይጠፋም። የኛ ማሽን ምንም አይሸትም። ደግሞ ልጁ ከውሃ ጋር እንኳን አላገናኘውም፣ በቴስተርም አልለካውም። አመስግኜ መልሼ ወሰድኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልምከራችሁ። ጠጋኝ ጋ ስትሄዱ «ምን ሆኗል?» ብቻ አትበሉ። «በምን አወቅህ?» በሉት። ዲናሞው ተቃጥሏል ካላችሁ የለካውን ቁጥር ያሳያችሁ። ፓምፑ አልቋል ካላችሁ የትኛው ክፍል እንዳለቀ ፈትቶ ያሳያችሁ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ እያለው ያስረዳል።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ እንዴት እንደሚሰራ ለማወቅ ተቀመጥኩ። እንደፈራሁት ውስብስብ አይደለም። ዲናሞው ሲዞር ዘንበል ተደርጎ የተገጠመ ክብ ብረት አብሮት ይዞራል። ይሄ ብረት ሦስት ትንንሽ ፒስተኖችን በየተራ ይገፋል፣ ሞላው ደግሞ ይመልሳቸዋል። ፒስተኑ ሲመለስ ውሃ በአንድ ቫልቭ ይገባል፣ ሲገፋ በሌላ ቫልቭ ይወጣል። ስለዚህ ሦስት መግቢያ፣ ሦስት መውጫ ቫልቭ አለ። የወጣው ውሃ በመጨረሻ በጣም ጠባብ ቀዳዳ ባለው አፍንጫ ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል። ግፊቱ የሚፈጠረው እዚያ መጨናነቅ ላይ ነው። የመርጫውን ምላጭ ስትለቁ ደግሞ ግፊቱ ራሱ አንዲት ትንሽ ዘንግ ገፍቶ ስዊቹን ያጠፋዋል፣ ዲናሞውም ይቆማል። እንግዲህ ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች በዚህ መልክ የተሠሩ ናቸው።

ይሄን ካወቃችሁ አንድ ነገር ይገባችኋል። ማሽኑ በራሱ ከሚበላሸው ይልቅ ወደ ውስጡ የሚገባው ነገር የሚያበላሸው ይበልጣል። የሚገቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መብራትና ውሃ። እኛ አገር ደግሞ ሁለቱም አስቸጋሪ ናቸው። ስለዚህ ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ አለበት። መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ ውሃው፣ ከዚያ አፍንጫው፣ ፓምፑ መጨረሻ ላይ። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከፓምፑ ነው። ካቻቢቴ ይዞ ደህናውን ነገር ይፈታል፣ ሲገጥም ደግሞ ጤነኛ የነበረው ያንጠባጥባል።

አንድም ብሎን ሳትነኩ በፊት ግን ስለ አደጋው ልንገራችሁ፤ ይሄን አትዝለሉት። የኛ ማሽን ላይ የተጻፈው ግፊት 110 ባር ነው። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ወደ 2.2 ባር ነው። ማለትም 50 እጥፍ። ከአፍንጫው የሚወጣው ውሃ ቆዳ በስቶ መግባት ይችላል። ከውጭ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ልትሆን ትችላለች፣ ላያምም ይችላል፣ ውስጡ ግን ክፉኛ ተጎድቶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትተኙ። ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ፣ በከፍተኛ ግፊት የተረጨ ውሃ መሆኑንም ለሐኪሙ ንገሩት። አፍንጫውን በጣት መሞከር፣ የሚያፈስ የውሃ ጎማ በእጅ መያዝ፣ ልጆች ሰው ላይ እያነጣጠሩ እንዲጫወቱበት መተው፣ ሁሉም ክልክል ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ስፒናውን ንቀሉ። ውሃውን ዝጉ። ከዚያ ምላጩን ስባችሁ ጎማው ውስጥ የታመቀውን ግፊት አውጡ። ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ግፊቱ ጎማው ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

ወደ መብራቱ ልመለስ። የጎረቤታችን ልጅ ኤሌክትሪክ ይማራል፤ ቴስተሩን ይዞ መጣ። ሶኬቱ ላይ ሲለካ 214 ቮልት አሳየ። ደህና ነው። ቀጥሎ ማሽኑን ግቢ ድረስ በምንጠቀምበት ኤክስቴንሽን ሰካነውና እየጮኸ ለመነሳት ሲታገል ጫፉ ላይ ለካ። ከ160 ብዙም አይበልጥም ነበር። ሁለታችንም ተያየን። ነገሩ ሁሉ የተገለጠልን እዚያ ላይ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የኛ ማሽን 1800 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ሲሰራ ወደ 8 አምፔር ይስባል። ሲነሳ ግን ለአፍታ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ኤክስቴንሽናችን ረጅምና ቀጭን ሽቦ ነው፤ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር የተሠራ። በቀጭን ሽቦ ያን ያህል መብራት ሲያልፍ ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል። እንዲህ ዓይነቱ ዲናሞ ደግሞ ቮልት ሲቀንስበት ጉልበቱ ከዚያ ባሰ መጠን ይወርዳል፤ ቮልቱ በሩብ ቢቀንስ ጉልበቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ይጮሃል፣ አይነሳም፣ ይግላል። እንዲህ ሆኖ ደጋግመው ከሞከሩት ያኔ በእውነትም ይቃጠላል።

በዚያ ላይ አዳፕተሩ አለ። ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ባለሦስት ጠፍጣፋ እግር ስፒና አለው። የኛ ሶኬት ደግሞ ባለሁለት ክብ ነው። መሃል ላይ አንድ ርካሽ አዳፕተር ገብቶ ነበር። ፈትተን ስናየው ውስጡ ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩም ቀልጦ ጎብጧል። ቤታችሁ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት አዳፕተር የሚሰራ ምድጃ ወይም ካውያ ካለም አሁኑኑ ሄዳችሁ በእጃችሁ ዳሱት። ትኩስ ከሆነ ጣሉት።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ብዙዎቹ ርካሽ አዳፕተሮች ኧርዝ የሚባለውን የመሬት ሽቦ አያስተላልፉም። ውሃ በሚረጭ ማሽን ላይ ኧርዝ መጥፋት ማለት ሕይወት ማስያዝ ነው። ስለዚህ የድሮውን ስፒና ቆርጠን ኧርዝ ያለው ጥሩ ስፒና ገጠምን፣ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ አጠር ያለ መስመር ወደ ግቢ አወጣን። አንድ ነገር ልብ በሉ። የዱባዩ ስፒና ውስጡ የ13 አምፔር ፊውዝ አለው፤ ስትቆርጡት እሱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መስመሩ የራሱ ብሬከር ይኑረው። ከቻላችሁ ደግሞ መብራት ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጠውን ባለ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስገጥሙ። ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

በአዲሱ መስመር ስንሰካው ዲናሞው ወዲያው ተነሳ። «ተቃጥሏል» የተባለው ዲናሞ።

እናንተ ጋ መብራቱ ደህና ሆኖም «እምምም» ካለ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው። ዲናሞው እንዲነሳ የሚረዳ፣ አጠገቡ ያለ ክብ ነገር ነው፣ ላዩ ላይ በማይክሮፋራድ ቁጥር ተጽፎበታል። በቴስተር ሲለካ ከተጻፈው በጣም ካነሰ ወይም ካበጠ ይቀየራል፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ግን ስፒናው ተነቅሎም መብራት ያጠራቅማል፤ ባዶ እንዲሆን ሳይደረግ መነካት የለበትም። ይሄን ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ቀለል ያሉና በጣም የሚጮሁ ማሽኖች ደግሞ ካፓሲተር የላቸውም፣ ካርቦን ነው ያላቸው። ካርቦኑ ሲያልቅ ብልጭታው ይበዛል፣ አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ እምቢ ይላል። ያም በቀላሉ የሚቀየር ነገር ነው።

አንድ ቀላል ዘዴም አለ። ማሽኑን ስታስነሱ ምላጩን ስባችሁ አስነሱት። ጎማው ውስጥ የታመቀ ግፊት ካለ ዲናሞው ከመጀመሪያው ሴኮንድ ጀምሮ ከሱ ጋር ይታገላል። ምላጩ ከተሳበ ግን ሸክም ሳይኖርበት ይነሳል። መብራት በሚደክምበት ሰፈር ይሄ ብቻውን ማሽን ያድናል።

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። ዲናሞው ይዞራል፣ ውሃው ግን አንዴ ይጎርፋል አንዴ ይሞታል። ቤተሰቡ ሁሉ «ፓምፑ ነው» አለ። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን ልጠብቅ ብዬ ወደ ውሃው ሄድኩ።

ሁላችሁም ቤት የሚሰራ ፈተና ይኸውላችሁ። ማሽኑ ላይ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚፈልግ ተጽፏል። የኛው 7 ሊትር ይላል። ከማሽኑ ጋር የሚገናኘውን ጎማ ከማሽኑ ንቀሉና ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ክፈቱት። ሰዓት ያዙ። 7 ሊትር በደቂቃ ከሆነ ጀሪካኑ ከሦስት ደቂቃ በታች መሙላት አለበት። የኛ ጀሪካን ከዚያ እጥፍ ያህል ፈጀ። ታዲያ ፓምፑ ከየት ያምጣ? የማይመጣለትን ውሃ ሲስብ አየር ይስባል፣ አየር ሲስብ ይንተፋተፋል፣ በዚያው ከቀጠለ ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽጉት ጎሚኒዎች ይግላሉ፣ ይበላሉ።

የኛ ውሃ የሚመጣው ከሮቶ ነው። ሮቶው ሦስት ሜትር በሚሆን ማማ ላይ ነው ያለው። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ከሦስት ሜትር የምናገኘው 0.3 ባር ብቻ ነው። ይሄ ትንሽ ቢሆንም መንገዱ ሰፊ ከሆነ ይበቃል። የኛ መንገድ ግን ጠባብ ነበር፤ ቀጭን ጎማ፣ ሁለት ቦታ የታጠፈ፣ በዚያ ላይ በየመገጣጠሚያው የሚጠብ። ጎማውን በሰፊና በአጭር ቀየርነው።

ከዚያ የማሽኑን የውሃ መግቢያ ፈታሁ። እዚያ ጋ ትንሽዬ የወንፊት ፊልትሮ አለች። በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ሳቧት። የኛው ፊልትሮ ቡናማ ጭቃ ሞልቶት ወንፊትነቱ አይታይም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለን ሰዎች ይሄን እናውቀዋለን፤ ተቋርጦ ሲመለስ የመጀመሪያው ውሃ ዝገትና ደለል ይዞ ነው የሚመጣው። ያ ሁሉ ሮቶው ሥር ይተኛል፣ ሮቶው ሲጎድል ደግሞ ወደ ማሽኑ ይሄዳል። ስለዚህ ፊልትሮዋን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቧት፣ ከተቀደደች ቀይሯት፣ ያለሷ ግን በፍጹም አትሥሩ። «ውሃ እየከለከለች ነው» ብለው አውጥተው የሚጥሏት ሰዎች አሉ። እሷ ያልያዘችውን አሸዋ ቫልቮቹ ናቸው የሚይዙት።

በበርሜል የምትጠቀሙ ከሆነ ይሄን እወቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ፓምፕ ውሃን ከታች ወደ ላይ «የሚስበው» በእውነት የአየሩ ግፊት ስለሚገፋለት ነው፤ ያ ግፊት እኛ ጋ ደካማ ነው። ስለዚህ በርሜሉን ከማሽኑ ከፍ አድርጋችሁ፣ ወንበር ላይም ቢሆን፣ አስቀምጡት። ጎማውንም ቀድማችሁ ውሃ ሙሉት። መገጣጠሚያዎቹን በፋሼታ አጥብቁ። ውሃ የማያፈስ መገጣጠሚያ አየር ግን ሊያስገባ ይችላል። ከተጠራጠራችሁ ማሽኑ መግቢያ አጠገብ አጭር ግልጽ ጎማ ቀጥሉበት፤ አረፋው ሲያልፍ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

አፍንጫውን ደግሞ በቀጭን ሽቦ ጠረግሁት፣ አንድ ሌሊት አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ በማግስቱ ከጀርባው በኩል ውሃ ለቅቄ አጠብኩት። ነጭ ቅርፊት ወጣለት። ቀዳዳው በጣም ትንሽ ስለሆነ በወፍራም ሚስማር አትጎርጉሩት። ቀዳዳው ከሰፋ ግፊቱ ለዘለቄታው ይወርዳል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ውሃው ጉልበቱን መለሰ። አንድ ምልክት ግን ቀረ። ምላጩን ስለቅ ዲናሞው ይቆማል፤ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ራሱ ይነሳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ማንም ሳይነካው። ከሥሩም ጠብ ጠብ ይላል። ይሄ ምልክት ወደ አንድ ነገር ነው የሚጠቁመው። ምላጩ ሲለቀቅ የታመቀው ግፊት እዚያው መቆየት አለበት። የሆነ ቦታ ካመለጠ ስዊቹ «ግፊት ጠፋ» ብሎ ዲናሞውን ያስነሳል። ስለዚህ ወይ ጎማው ወይ መርጫው ያፈሳል፣ ወይ ፓምፑ ውስጥ ያለ ቫልቭ አይዘጋም፣ ወይ አንድ ኦሪንግ፣ ማለትም ቀለበት የመሰለ የጎማ ማሸጊያ፣ ተቆርጧል። ጎማውና መርጫው ደረቅ ነበሩ። አሁን ፓምፑን መፍታት ተገቢ ሆነ።

ፓምፑን ስትፈቱ ሦስት ነገር ያስፈልጋችኋል፤ ሰፊ ነጭ ጨርቅ፣ ስልክ፣ ትዕግስት። እያንዳንዱን ነገር ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ያወጣችሁትን በወጣበት ቅደም ተከተል ጨርቁ ላይ ደርድሩ። ቫልቮቹ የጣት ጥፍር የሚያህሉ ናቸው፣ ሞላ አላቸው፣ ተፈናጥረው ይጠፋሉ። ልጆችን አርቁ።

የፓምፑ ራስ በአራት ባለስድስት ጎን ብሎን ነው የታሰረው። ሁሉንም በትንሽ በትንሹ፣ በመስቀልኛ እያፈራረቅሁ አላላሁ። ዘይቱ ሲፈስ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ወጣ። ይሄ ማለት ውሃ ወደ ዘይቱ ክፍል እየገባ ነው፤ የፒስተኖቹ ጎሚኒ ደክሟል ማለት ነው። ቀጥሎ ስድስቱን ቫልቮች አንድ በአንድ አወጣሁና በአፌ ነፋሁባቸው። ደህና ቫልቭ በአንድ በኩል አየር ያሳልፋል፣ በሌላው በኩል ይከለክላል። አምስቱ ደህና ነበሩ። አንዱ ግን በሁለቱም በኩል ያሳልፋል። መብራት ላይ አድርጌ ሳየው አፉ ላይ ነጭ ክር ተሰንቅሯል። ቴፍሎን ነው። የውሃ መገጣጠሚያው ላይ የተጠቀለለ ቴፍሎን ተቆርጦ ወደ ውስጥ ገብቶ እዚያ ተቀምጧል። ፊልትሮዋ ያልያዘችው ለምን መሰላችሁ? ቴፍሎኑ የተጠቀለለው ከሷ በኋላ ባለው ጥርስ ላይ ነበር። ስለዚህ ቴፍሎን ስትጠቀልሉ የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተዉት፣ ጫፉ ወደ ውስጥ እንዳይንጠለጠልም አድርጉ። ጎሚኒ ያለው መገጣጠሚያ ላይ ደግሞ ቴፍሎን ጨርሶ አያስፈልግም።

ክሩን አወጣሁት። ሌላ ቦታ ደግሞ ግማሹ የተቆረጠ ኦሪንግ አገኘሁ። እሱንና የፒስተኖቹን ጎሚኒ ይዤ መርካቶ ወረድኩ።

መርካቶ ላይ ብዙ ሱቅ ዞርኩ። አብዛኞቹ ዓይተው ብቻ «ይሄ ይሆንልሻል» ይላሉ። ሶማሌ ተራ አካባቢ ግን አንድ ትልቅ ሰው አገኘሁ፤ ሱቃቸው ጠባብ፣ ግድግዳው ሙሉ ጎሚኒ። «ጋሼ፣ እንደዚህ ያለ ኦሪንግ ይኖራል?» አልኳቸው። ተቀበሉኝ፣ ካሊፐር አወጡ፣ ለኩት። ከዚያ «ልጄ፣ አሮጌውን ብቻ አትመኚ። ጎማ ሲያረጅ ይሰፋል፣ ይጨፈለቃል። የሚቀመጥበትን ብረት ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ተመልሼ የፓምፑን ራስ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። የሚቀመጥበትን ቦይ ለክተው ሰጡኝ፤ መጀመሪያ ልገዛው ከነበረው ቀጠን ያለ ሆነ። ያኛውን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ክዳኑ አይገጥምም፣ በግድ ሲጠብቅም ይቆረጣል።

እኚህ ሰው ሌላም ትልቅ ነገር ነገሩኝ። የፒስተኑ ጎሚኒ ኦሪንግ አይደለም፤ በአንድ በኩል ከንፈር አለው። ያ ከንፈር ወደ ውሃው፣ ግፊቱ ወዳለበት መዞር አለበት። ግፊቱ ከንፈሩን ከፍቶ ከፒስተኑ ጋር ያጣብቀዋል። ተገልብጦ ከገባ ግን አዲስ ሆኖ ያፈሳል፤ ሰዎች ደግሞ «የገዛሁት ዕቃ ፎርጅድ ነው» ብለው ነጋዴውን ይጣላሉ። የድሮውን ስታወጡ ከንፈሩ በየት በኩል እንደነበር ፎቶ አንሱት ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ስገጥም የሲሊኮን ግራሶ ስስ አድርጌ ቀባሁ። ጎሚኒ በደረቁ አይገባም፣ ይቦጨቃል። ጎሚኒውን ለማስገባት ስለታም ካቻቢቴ አትጠቀሙ፤ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ነገር ይሻላል። አዲስ ዘይት በመመሪያው መጠን ሞላሁ። ብሎኖቹን በመስቀልኛ፣ በትንሽ በትንሹ አጠበቅሁ። የፓምፑ ራስ አልሙኒየም ስለሆነ በጉልበት ከተጠበቀ ጥርሱ ይበላል፤ ያ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሙከራውም ሥርዓት አለው። መብራት ሳትሰኩ ውሃውን ክፈቱ፣ ምላጩን ስባችሁ ያዙ። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ያኔ ብቻ ስፒናውን ሰክታችሁ አስነሱ። ያለ ውሃ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አታስነሱት፤ ጎሚኒውን የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነው። ቀጥሎ ምላጩን ልቀቁና ጆሯችሁን ጥላችሁ ጠብቁ። ዲናሞው ቆሞ መቆየት አለበት። የኛው ቆመ። ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ አልተነሳም። ከሥሩም ደረቅ ነበር። እናቴ «እልል» ብላ ምንጣፉን ለማውጣት ወደ ቤት ገባች።

ግን ሁሉም ነገር ቤት ይጠገናል እያልኩ አይደለም። የፓምፑ ራስ ከተሰነጠቀ አታስበይዱት፤ ያን ግፊት አይችልም። ዲናሞው በእውነት ከሸተተና ሽቦው ከጠቆረ ዲናሞ ለሚጠቀልል ባለሙያ ስጡት። ከፍተኛ ግፊት ያለው ጎማ ካበጠ ወይም ውስጡ ያለው ሽቦ ከታየ ጎማውን ቀይሩት፤ በጨርቅና በፋሼታ አስሮ መጠቀም አደገኛ ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ማሽን ሊልክላችሁ ከሆነ ከመግዛቱ በፊት ደውሉለት። ከዱባይ፣ ከሳዑዲ ወይም ከአውሮፓ ከሆነ ላዩ ላይ 220 ወይም 230 ቮልትና 50 ኸርዝ መባሉን ያረጋግጥ። ሳዑዲ ድሮ በ127 ቮልት ትጠቀም ስለነበር፣ ኸርዟም 60 ስለሆነ ጽሑፉን በደንብ ያንብብ። ከአሜሪካ ከሆነ ግን ይተወው። እዚያ መብራቱ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ይሄን ያህል ኃይል የሚሸከም ትራንስፎርመር ከባድና ውድ ነው፤ እሱም ቢሆን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፣ ስለዚህ የኔ ዓይነቱ ዲናሞ ቀርፋፋ ሆኖ ይሰራል። ደግሞ ፓምፑ በብሎን የሚፈታ፣ የፓምፑም ራስ ብረት የሆነ እንዲመርጥ ንገሩት፤ ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆኑት ብዙዎቹ አንዴ ከተበላሹ አይፈቱም። ካገኘ ለዚያው ሞዴል የሚሆን ሙሉ የጎሚኒ ስብስብ አብሮ ይግዛ። ክብደቱ ምንም አይደለም፣ ሻንጣ ጥግ ውስጥ ይገባል። እኔም ለወንድሜ የሞዴሉን ቁጥር ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ፤ ሰው ሲመጣ ይልካል።